የግድግዳው ውፍረት

ልብስ ሰፊዋ ልጇን በዓይኗ ካየቻት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትላት መልሱ ያው ነው፤ «ሥራ ይዞኛል፣ እማ።» ሥራው ደግሞ የጨረር ነው። ይህን ከሰማች ወዲህ እህል በጉሮሮዋ አልወርድ ብሏታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ በደህና ቤቷ ገብታ ማየት።

በመጨረሻ የሰፋችላትን ካፖርት በፌስታል ጠቅልላ፣ ሦስት አውቶቡስ ቀያይራ ከመሥሪያ ቤቱ በር ደረሰች።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እናቴ?» አላት ዘበኛው።

«ልጄን። እዚህ ጨረር ውስጥ ነው የምትሠራው።»

«እዚህ ያለው ጨረር በእኔ ዘብ ቤት ጣሪያ ቀዳዳ የሚገባው ብቻ ነው» ብሎ ሳቀና አስጠራላት።

ልጅቷ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ከስታለች።

«ሰው ሳይናገር ይመጣል?»

«ብናገር ሥራ ይዞኛል ትይኝ ነበር።»

ቢሮዋ ውስጥ ያለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰፊ ስክሪንና ሻይ የደረቀበት ብርጭቆ ነው። እናት አልቀመጥም ብላ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ አየች።

«የት ነው ያለው መርዙ?»

«የለም፣ እማ። የተደበቀ ጨረር አመንጪ ነገር ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ የሚያይ ካሜራ ሊሠራ ነው። ከመሠራቱ በፊት እንዴት እንደሚያይ እኔ በኮምፒውተር እሞክረዋለሁ። ቤቱም፣ የተደበቀውም፣ ካሜራውም የውሸት ናቸው።»

«ለውሸት ነው እንዲህ የጠፋሽብኝ?»

ልጅቷ ፈገግ ብላ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀለበት ታየ።

«ይሄ አንድ ጨረር ነው። ከዚህ ቀለበት ጠርዝ ከአንዱ ቦታ መጣሁ ይላል እንጂ ከየቱ እንደሆነ አይናገርም።»

ቀለበቶቹ አሥር ሆኑ፣ መቶ ሆኑ። እርስ በርስ ተደራርበው አንድ ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ በራ።

«ድር ቢያብር ነዋ» አለች እናት።

«እሱው ነው።»

ከቀለበቶቹ ሥር የቤቱ ፕላን ነበር። በየዕቃው ላይ ትናንሽ ጽሑፎች አሉበት። ልጅቷ አልደበቀቻቸውም፤ እናቷ ፊደል እንደማትለይ ነው የምታውቀው። እናት ግን ስምንት ወር ሙሉ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ስትመላለስ ለማንም አልተነፈሰችም፤ ደብዳቤ ጽፋ ልታስደንቃት ነበር።

ጎንበስ ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። «የስፌት መኪና» ይላል አንዱ። «የማይዘጋው መስኮት» ይላል ሌላው። ቀዩ ነጥብ ያረፈበት ደግሞ «የእማ አልጋ» ይላል።

ቤቱ የራሷ ቤት ነው። ሁሉም ዕቃ ልጅቷ የሄደች ዕለት በነበረበት ተቀምጧል። ለካ ይህች ልጅ በየቀኑ ቤቷ ስትገባና ስትወጣ ነው የከረመችው፤ እናቷን ሳታገኛት።

«አልጋዬ አሁን እዚያ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ክፍል አስገብቼዋለሁ። ትራስሽን ነው የምተራሰው።»

ልጅቷ ዞር አለች። «አነበብሽው?»

«‹የማይዘጋው› የምትለዋ ቃል ትንሽ ታገለችኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ሥራዋ ውስጥ ተደበቀች።

«የቀረውስ ልክ ነው? የእኔን ክፍል ግድግዳ ውፍረት ሃያ ሳንቲሜትር ብዬዋለሁ።»

«የት አባቱ። አንቺ ገና ስትድሂ፣ ብርድ እንዳይገባሽ ብሎ አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በድንጋይ ደርቦታል።»

«እንዴ! ስንት ይሆናል? ግድግዳው ከወፈረ ብዙ ጨረር ያስቀራል፤ ስሌቴ ሁሉ ይበላሻል።»

አርባ ሦስት ሳንቲሜትር። ባለፈው ወር ለዚያው ክፍል መስኮት መጋረጃ ስትሰቅል ራሷ ለክታዋለች። ቁጥሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«እኔ እንጃ» አለች። «መጥተሽ ለኪው።»

ልጅቷ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ እናቷን አየች።

«ቅዳሜ ብመጣ ቤት ትኖሪያለሽ?»

እናት የስፌት መለኪያ ሜትሯን በቦርሳዋ ውስጥ ወደ ታች ገፋ አደረገችው።

«የት እሄዳለሁ፣ ልጄ» አለች።