ውሃ የቋጠረ ሆድ

ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነፋሱ ጸጥ ብሎ፣ ሰማዩ ዝናብ አዝሎ ጣሪያ ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ነበር።

ጀልባ ጠጋኟ ካርቶን ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ የጀልባዋ ሆድ ካበጠበት ቦታ አንዱን መርጣ የካቻቪቴውን ጫፍ ሰካችበት። እብጠቱ ፈነዳ። ቡናማ ፈሳሽ በእጅጌዋ ውስጥ እስከ ክርኗ ወረደ። አሸተተችው፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ከጎኑ ሌላ እብጠት ነበር፣ ከዚያ ወዲያም ሌላ። የፋይበርግላሱ ቆዳ፣ የፈላ ነገር እንደ ተደፋበት እጅ፣ ከፊት እስከ ኋላ ውሃ ቋጥሯል።

ጀልባዋን ጎትቶ ወደ ውሃ ሊመልስ የመጣው ባለትራክተር ጎንበስ ብሎ አየ።

“ኩፍኝ ነው እንዴ የያዛት?”

“ኩፍኝማ ቢሆን ይለቃታል” አለችው።

ጀልባዋ የታላቅ ወንድሟ ናት። ሰው ወደ ማዶ የሚያመላልስባት እሱ ነው። ማዶ ሆስፒታሉ አለ፤ የእናታቸው ኩላሊት የሚታጠበው እዚያ ነው፤ ቀጠሮዋም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሟ፣ ጀልባዋ ሰሞኑን ከበደችኝ ብሎ፣ ትናንት ከውሃ አውጥቶ እዚህ መጠገኛው ውስጥ አቆማት።

አምና እብጠቶቹ ገና ምስር ሲያክሉ፣ ቀለሙ ተልጦ በጋውን ሙሉ ጥላ ሥር ትድረቅ ብላው ነበር። እሱ ግን በዚያው ሳምንት በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጎ፣ በስቱኮ ደፍኖ፣ ወፍራም ቀለም ቀባት። ስታምር ላየ አዲስ ናት። ውሃው ግን ውስጥ ተዘጋበት። መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይበላ ጀመር።

ማታ ከመሄዷ በፊት ትንሽ ቦታ ልጣ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቃበት ነበር። አሁን መብራቱን አስጠጋችለት። ፕላስቲኩ ከውስጥ በኩል አልቦታል። ጀልባዋ ሌሊቱን ሙሉ ስትተነፍስ አድራለች።

መዶሻውን ገልብጣ በእጀታው ከፊት ጀምራ ሆዱን ታንኳኳ ጀመር። ድምፁ ጠንካራና ቀጭን ሆኖ ተከተላት። መሃል ላይ ስትደርስ ሞተ። ተመልሳ አንኳኳች። የረጠበ ካርቶን የመታች ያህል ነበር።

“እቱ፣ አልጨረስሽም?” ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል።

“ጋሼ፣ ና እስቲ እጅህን እዚህ ላይ አድርገው።”

“እጄን ላሳርፍ አልመጣሁም። ስቱኮውን ለቅልቂው፤ ለቀለሙ እኔ እደርስልሻለሁ።”

“አምናም ለቀለቅከው።”

“ለቀለቅኩት፤ ይኸው ዓመት ሙሉ ሄደች።”

“ስትበሰብስ ነው የሄደችው።”

ወንድሟ ባለትራክተሩ ጆሮውን እንዳቆመ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ተሳፋሪው መሳፈሪያው ላይ መሰብሰብ መጀመሩን ነገራት፤ እናታቸውም ለባብሳ፣ ሻርፗን ጠምጥማ፣ መቼ ነው የምንሄደው እያለች መሆኗን። ከዚያ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

“ውሃውን ዞራ በመኪና ትሂድ ነው የምትይኝ? ባለፈው ራሷን የሳተችው እኮ አንቺው ጭን ላይ ነው።”

የእናቷ ራስ ጭኗ ላይ እንዴት እንደ ከበደ አልረሳችውም።

“ዛሬን ብቻ” አለ። “ከዚያ ወዲያ እንደ ፈለግሽ አድርቂያት።”

“መሃል ላይ ብትከፈትስ?”

“አታሟርቺብኝ!” ብሎ ተነሣና ትራክተሩን ወደ ኋላ ሊያስጠጋ ወጣ።

የስቱኮውን ጣሳ ከፈተች። በመለቅለቂያው ዝቃ ወደ ላይ አነሣችው። አንድ እብጠት ደፈነች፤ አስተካከለችው፤ ሥራዋ እንደ ወትሮው ንጹሕ ነበር፤ እሷ እንኳ ቦታውን ለማወቅ እስኪቸግራት። ያን ጊዜ መለቅለቂያውን አስቀመጠች። ከግድግዳው ላይ ትራፓኖውን አውርዳ፣ የቧንቧ ማሳለፊያ የሚቆረጥበትን ክብ ጥርስ አሰረችበት፤ ድምፁ ከሞተበት ቦታ ላይ ደግፋ ተጫነችው።

ከጠበቀችው በላይ ፈጥኖ ገባ።

ወንድሟ እየሮጠ መጣ። አንደበቱ ሊከፈት ሲል፣ ከጥርሱ ነቅላ ክቡን ቁራጭ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ያዘው። ቁራጩ በጣቶቹ መካከል እንደ ረጠበ መጽሐፍ ተገላለጠ፤ ውሃው በክንዱ ወረደ። ቀና ብሎ በቀዳዳው ወደ ጀልባዋ ውስጥ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያም ዞሮ ባለትራክተሩን ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጁ አመለከተው።

እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ እናቷ ደወለች።

“እማዬ፣ ትራስሽንም ያዢ። በመኪና ነው የምንሄደው።”

በመኪና መንገዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።