አዘና ያለችው ፋና

የቅዳሜው ስብሰባ ቅዳሜ እንደሚደረግ ለቀበሌው ነዋሪዎች በሙሉ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ማጉያውን የጫነው ባጃጅ ከኢንጅባራ ዋና አስፋልት ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ጭቃ እየረጨ፣ ይህንኑ ደጋግሞ አስታወቀ። መቀመጫ ያለው መቀመጫውን ይዞ እንዲመጣ፣ የሌለው ደግሞ በዚህ አሳብቦ እንዳይቀር ተጠየቀ። ተናጋሪው የስብሰባው ርዕስ ላይ ሲደርስ ሳል ይይዘውና «...እና ልዩ ፍላጎት» ብሎ ያልፈዋል።

ካሳነሽ ማስታወቂያውን የሰማችው ጓዳ ሆና፣ ለገበያ የሚወጣ ድንች ስትለቅም ነው። አጠገቧ ልጇ ፋና ጉንጯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ታንጎራጉራለች። ዜማ አይደለም፣ ቃልም የለውም፤ እንደ ንብ ቀፎ ያለ አንድ ወጥ ድምፅ ነው። ፋና ግን እዚህ ሰፈር አትኖርም። ሰፈሩ እንደሚያውቀው ፋና አዘና ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች።

ይህን ያለችው ካሳነሽ ራሷ ናት፣ ከዳንግላ መጥታ ቤቱን የተከራየች ሰሞን። ዳንግላ እያሉ ልጅቷን ያየ ሁሉ ምክንያት ያወጣላት ነበር፤ አንዱ የእናቷ ኃጢአት ነው ይላል፣ ሌላው ወንዝ ዳር ተኝታ ነው ይላል፣ ሌላው የአባቷ ዘር ነው ይላል። ይኸነው የሚባለው አባቷ፣ የዘሩ ነገር ሲነሣ ፈረሱንና ጋሪውን ይዞ እናቱ ቤት ገባ፤ እንደገባም ቀረ። ካሳነሽ ልጇን በነጠላ ሸፍና በማለዳው ሚኒባስ ወጣች። አዲሱ ጎረቤት «ልጅ የለሽም?» ሲላት፣ «አዘና ናት» የምትል ቃል ከአፏ አመለጠች። አንዴ ካመለጠች በኋላ መመለሻ አልተገኘላትም።

ውሸቱ ብዙ አላደከማትም፤ ሰፈሩ ራሱ ይንከባከበው ነበር። አጥር የምትጋራት እታለማሁ በየሰንበቱ ትጠይቃለች።

«ፋናዬ እንዴት ናት? አዘና ተስማማት?»

«ደህና ናት እትዬ፣ ትምህርቷን ይዛለች።»

«ተመስገን።»

በዚህ መሐል ከጓዳ እንጉርጉሮው ከፍ ካለ እታለማሁም ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ስለ ድንች ዘር እንደዚያ ጮኾ የተናገረ ሰው የለም።

ካሳነሽን የጎዳት ሌላ ነው። የሰፈሩ ሴቶች የማርያም ጽዋ ይጠጣሉ፤ በየወሩ፣ በየተራ፣ ከቤት ቤት። ጽዋ የቀመሰ ሰው ተራው ሲደርስ ማኅበርተኛውን ቤቱ አስገብቶ ያበላል። ካሳነሽ ደግሞ ሰው ቤቷ አታስገባም፤ ስለዚህ ጽዋም አትጠጣም። «ጨጓራዬ ነው» ትላለች። በማርያም ዕለት ሳቃቸው በአጥሩ ላይ ሲመጣ በሯን ዘግታ ድንቹን ትልቅና ትንሽ እያለች ትለያለች። ለይታ ስትጨርስ መልሳ ትደባልቀዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት አገሩን ጉም ሸፍኖታል። ካሳነሽ ልሂድ አልሂድ ስትል ቆይታ፣ ዱካዋን አንጠልጥላ ጥቂት አጥር አልፎ ወዳለው አዳራሽ ገባች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

የመጣው ባለሙያ ዮናዳብ የሚባል ወጣት ነው። ቃላት ላስተምር ነው የመጣሁት አለ።

«ኦቲዝም በሽታ አይደለም፤ አይጋባም። እርግማንም አይደለም። አንጎል የሚያድግበት መንገድ ሲለይ ነው።»

ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ።

«ልጁ ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ሲመላልስ ተደጋጋሚ ባህርይ እንለዋለን። ብዙ ጊዜ የሚያረጋጋው እሱ ነው።»

«ተደጋጋሚ ባህርይ» አለ አዳራሹ። ቃሉ ስለጣመው ደገመው።

«ጫጫታ ሲሰሙ ወይም የሰው እጅ ሲነካቸው እንደ እሳት የሚያቃጥላቸው አሉ። ይኼ የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ ነው፣ ቅብጠት አይደለም። አካቶ ትምህርት የምንለው ደግሞ እንዲህ ያለው ልጅ እየታገዘ፣ ከእኩዮቹ ጋር፣ እዚሁ ሰፈሩ ሲማር ነው።»

ካሳነሽ ዱካዋ ላይ ቀና አለች። እስከዛሬ ይህ ሁሉ በእሷ ጓዳ ብቻ ያለ ይመስላት ነበር። ስም ከወጣለት ግን ሌላም ቤት አለ ማለት ነው። የሆነ ቦታ፣ ልጇን ልታቅፍ እጇን ዘርግታ መልሳ የሰበሰበች ሌላ ሴት አለች።

«አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ተመድባለች» አለ ዮናዳብ። «ክፍሉ እዚህ እንዲከፈት ዛሬ አንድ ልጅ እንኳ መመዝገብ አለበት። ከሌለ መምህርቷ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ትሄዳለች። የምታውቁት ልጅ አለ?»

ሊቀመንበሩ አቶ ገሠሠ ኮቱን ቆልፎ ተነሣ።

«በበኩላችን፣ ቀበሌያችን ከዚህ ነገር ነፃ መሆኑን በኩራት እንገልጻለን።»

ተጨበጨበ።

«አንድም የለም?»

«ወባም የለንም» አለ አንድ ሽማግሌ።

ካሳነሽ እጇን አነሣች። እስከ ትከሻዋ ድረስ።

«እኔ...»

«እሷ ጨጓራዋን ያማታል» አለ አቶ ገሠሠ በርኅራኄ። «መውጣት ትችያለሽ እቴ፣ ችግር የለም።»

«አይ፣ ልጄ...»

«ልጇማ አዘና ናት» አለች ከፊት የተቀመጠች ሴት ለዮናዳብ። «ጎበዝ ተማሪ ናት።»

«አንደኛ ነው የወጣችው አሉ» ብሎ ሌላው ጨመረላት። ካሳነሽ ይህን እንኳ ብላ አታውቅም።

እጇ ወረደ። ሁሉም በደግ ዓይን ያያታል፤ እንዲህ ተከባም መናገሪያ ቀዳዳ አላገኘችም። ዮናዳብ «እንግዲህ ግምጃ ቤት ነው» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ።

ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ፋና በሩ ላይ ቆማ ታየች። በስብሳለች፤ ታንጎራጉራለች። ካሳነሽ ስትወጣ የጓሮውን በር አልሸጎረችውም፤ ረስታው ይሁን ሌላ፣ እሷም አታውቀውም።

ማንም «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አላለም።

ፋና እናቷን አልፋ ሄደች። በመሐላቸው ስታልፍ ሰዉ ማንም ሳያዘው እንዳይነካት ጋቢውንም ጉልበቱንም ሰበሰበ። መሐል የተቀመጠችው እታለማሁ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ከዚያም እግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። እታለማሁ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በአዊኛ የሆነ ነገር አለቻት። እንጉርጉሮው ቀዝቀዝ አለ። እታለማሁ ቀና ስትል ከካሳነሽ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ገበያ ስትሄጂ» አለች፣ «በመስኮቱ በኩል ብቻ ነው የማጫውታት... ብቻዋን ስትሆን...» አልጨረሰችውም።

ዮናዳብ ቦርሳውን መልሶ ከፈተ።

«ስሟ ማነው?»

ካሳነሽ ከዱካዋ ብድግ አለች።

«ፋና» አለ አቶ ገሠሠ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ዕድሜዋስ?»

«ዘጠኝ።»

«ኧረ አሥር ነው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «በጥምቀት ሞላት።»