የሚስተር ዶላን ኮሌታ

ንዋይ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ ዘሎ የሚነሳ ሰው ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ኢስት ፖይንት መጋዘን ውስጥ አብሮት ዕቃ የሚጭነው ሚስተር ዶላን የአየርላንድ ገጠር ሰው ነበር። ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቷል፤ ትከሻው ግን ገና የበሬ ነው። በልጅነቱ በአገሩ ገበሬው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንታ መንገድ ላይ ተሰብስቦ ይታገል ነበር። ካፖርት ለብሰው፣ በአንድ እጅ ኮሌታ፣ በሌላው ክርን ይያያዛሉ። መማታት የለም፤ በእግር ጠልፎ መጣል ብቻ። ከዚያ ተጨባብጦ ወደ ቤት ነው። ዶላን ሁለት አሮጌ ካፖርት አምጥቶ፣ አንዱን ለንዋይ ሰጥቶ፣ በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ ሣር ላይ አስተማረው። አባቱን በልጅነቱ ያጣው ንዋይ ሰውዬውን ከልቡ ወደደው።

ዶላን ጡረታ ወጥቶ ቦስተን ልጁ ዘንድ ሊሄድ ሆነ። በመጨረሻው የሥራ ቀን ሠራተኛው ከበባቸው።

«ዛሬ የምር!» አለ ዶላን።

ተያያዙ። ንዋይ የሽማግሌው ክርን ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። በሰው ፊት ሽበት አላዋርድም ብሎ ጉልበቱን አጠፈና ዘጭ አለ።

ሰው አጨበጨበ። ዶላን ግን ፊቱ ደም መሰለ። «እኛ አገር ሆን ብሎ የሚወድቅ፣ ‹አንተ ከሰው አትቆጠርም› ማለቱ ነው» አለና ሳይጨብጠው ሄደ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው።

ማታ ንዋይ እራት አልበላም አለ።

«ምን ሆነሃል? ከሥራ ፋየር አደረጉህ እንዴ?» አለች ሚስቱ ኤልፍነሽ።

ነገራት። «አክብሬው ነበር እኮ! ነገ ወደ ቦስተን ሙቭ ያደርጋል፤ እንደተቀየመኝ ሊቀር ነው።»

ኤልፍነሽ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ካፖርትህን ይዘህ ሂድ። አባት ተቀይሞ አይሸኝም።»

በማግስቱ ዶላን ሻንጣውን መኪና ላይ ሲጭን ንዋይ በዚያ በጁላይ ሙቀት ካፖርቱን ለብሶ ከተፍ አለ። ዶላን አየው፣ አየውና የራሱን ካፖርት ከመኪናው አውጥቶ ለበሰ።

«የምር?»

«የምር፣ ሚስተር ዶላን። እንዳይምሩኝ።»

ሽማግሌው የዋዛ አልነበረም፤ ሁለቴ ሊጥለው ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ንዋይ እግዜርን ይቅርታ እየለመነ እግሩን ጠለፈና ጣለው። ዶላን በጀርባው ተንጋለለ፤ ድምፅ የለም። ገደልኩት ብሎ ንዋይ ክው አለ። ሽማግሌው ግን እንባው እስኪወርድ ይስቅ ጀመር፤ እጁንም ዘረጋለት።

ንዋይ አነሳው፤ ተጨባበጡ። ከዚያ የሽማግሌውን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ሲል ዶላን ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው።

«ደግሞ ልትወድቅልኝ ነው?»

«አይደለም» አለ ንዋይ፤ «ይሄኛው የእኛ አገር ነው።»

ዶላን ኮሌታውን ለቀቀለት።