ዘጠኝ ጊዜ ዝም ያለችው ልጅ

መምህርት ፅዮን ኮልፌ ውስጥ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የክፍሉ ልጆች ስልሳ ሁለት ናቸው። ኅዳር ላይ ሱፐርቫይዘር ሊጎበኛት መሆኑ ሲነገራት ከልጆቹ ጋር አንድ ዘዴ ተስማማች። ጥያቄ ሲጠየቅ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ እሷ ግን የምትጠራው የሚያውቁትን ብቻ ነው። ሐሳቧ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን እንዲያወጣ ነበር፤ አንዳንዶቹ ቀኝና ግራን ስለሚያምታቱ ግን እንዲህ አለቻቸው፦

«የምታውቁ የምትጽፉበትን እጅ፣ የማታውቁ ሌላውን።»

ሱፐርቫይዘሩ ስልሳ ሁለት እጅ አየ፤ በሪፖርቱ «ሙሉ ተሳትፎ» ብሎ ጻፈ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረወልድ ሪፖርቱን ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ዘዴው ጊዜ ስለሚቆጥብ ፅዮን ከዚያም በኋላ አልተወችውም። ቀኝ እጁን ያወጣ ይጠራል፣ መልሱም ደብተሯ ላይ ይመዘገባል።

ግንቦት ላይ የኃላፊ ጊዜ ፈተና ሰጠች። ሃያ ግሶች ነበሩ፤ ልጆቹ ድርጊቱ ትናንት እንደተፈጸመ አድርገው መጻፍ ነበረባቸው። አራተኛው ረድፍ ላይ ግድግዳውን ተጠግታ የምትቀመጠው ሶፊ አስራ ዘጠኝ አገኘች። «ጎ»ን ዌንት፣ «ባይ»ን ቦት ብላለች። የሳተችው «ካት»ን ብቻ ነው።

ፅዮን ደብተሯን ገለጠች። ሶፊ ከኅዳር ወዲህ ዘጠኝ ጊዜ ተጠርታለች፤ ዘጠኙንም ጊዜ ዝም ብላ ቆማለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ዳዊ ደግሞ ጎበዝ ነው። ፅዮን ልጅቷ ኮርጃለች ብላ ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፈች። ውጤቱ ከተሰረዘ ሶፊ ክፍል ትደግማለች።

እናትየዋ ወይዘሮ ዓለም የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫቸውን ዘግተው መጡ። ልጃቸው ማታ ማታ ሳህን እያጠበች ግሶቹን በቃሏ እንደምትደጋግም፣ እሳቸው ራሳቸው ሰምተው ሰምተው ግማሹን እንደያዙት ተናገሩ።

«ቤት የምታውቀውን ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ትረሳዋለች?» አለች ፅዮን።

«እሱን እኔ አላውቅም፣ መምህር። እዚሁ ፊቴ ይፈትኗት።»

ፅዮን አስር አዳዲስ ግሶች ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ሶፊ ባዶው ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ብቻዋን ተቀመጠች፤ እስክሪብቶውንም በግራ እጇ ያዘች። ፅዮን ይህን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ልጅቷ ስትጨርስ ፅዮን ወረቀቱን አረመችው፤ አስር ከአስር።

«ሶፊ፣ መልሱን ስታውቂ የትኛውን እጅ ነው የምታወጪው?»

ሶፊ ግራ እጇን ከፍ አደረገች። «የምጽፍበትን።»

«ታዲያ ስጠራሽ ለምን ዝም ትያለሽ?»

«ቲቸር የሚጠሩኝ ሳላውቅ ሳላውቅ ነዋ። የማናውቀውን ሊያስረዱን መስሎኝ።»

ወይዘሮ ዓለም ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ፦ «በቀኝሽ ጻፊ ብዬ ያላልኩት የለም። መብላቱን እሺ አለች፣ መጻፉን እምቢ አለች።» ፅዮን ጥፋቱ የልጅቷ እንዳልሆነ ነገረቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ ይዛ አቶ ገብረወልድ ቢሮ ገባች። የእጁ ዘዴ ከነምክንያቱ ተጽፎበታል። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ግድግዳውን አዩ።

«እንደገና ተፈትና አለፈች ብትዪ አይበቃም? ይሄ ሁሉ ዝርዝር ምን ያደርጋል?»

ፅዮን እንደማይበቃ አስረዳች። ምክንያቱ ካልተጻፈ ዘጠኙ ዝምታ ደብተሩ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ዓመት መምህርም ያንኑ አይቶ ልጅቷን ይጠረጥራል። አቶ ገብረወልድ ደብዳቤውን ተቀብለው ማኅተም አደረጉበት። ሪፖርቱን ከግድግዳው አነሱትና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን አሏት።

በማግስቱ ፅዮን ክፍል ገብታ ዘዴው መቅረቱን ተናገረች። የሚያውቅ ብቻ፣ በፈለገው እጅ ያወጣል። ከዚያ የመጀመሪያውን ግስ ጠየቀች።

ከስልሳ ሁለቱ አስራ አራት እጅ ወጣ። ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈችና ሶፊን ጠራች።