የተረፈው ናፍጣ

በኮኪት በኩል ለሰሊጥ አጫጆች ውሃ የሚጎትቱ ሾፌሮች አንድ የቆየ ደንብ አላቸው፦ ባለ እርሻው ለሳምንት ብሎ ከሰጠው ናፍጣ የተረፈው የሾፌሩ ነው። ባለ እርሻው አይጠይቅም፣ ሾፌሩም አያወራም። የጀይሉም ነገር ከዚሁ ላይ ይነሳል።

ጀይሉ የባለ እርሻውን የሐጂ ሳጂድን አሮጌ ፒካፕ ይነዳል። ከኋላው የውሃ ቦቴ አስጎትቶ ከጉድጓዱ እስከ አጫጆቹ ሰፈር ይመላለሳል። ሚስቱ ዘሀቢያ ደግሞ ከእናቷ የወረሰችው የእህል ወፍጮ አላት። ወፍጮው ጤነኛ ነው፤ የሚጠጣው አጣ እንጂ። ናፍጣ ከማደያ ጠፍቶ በየጓሮው እንደ ማር ሲሸጥ፣ ወፍጮው ጆንያ ተከናንቦ ከረመ። ዘሀቢያ ማለዳ ማለዳ ጆንያውን አንስታ ትወለውለዋለች፤ መልሳ ታለብሰዋለች። ይህን ማየት የጀይሉን አንጀት በላው።

«ዘንድሮ አስነሳልሻለሁ» አላት።

«በምንህ? በምራቅህ?»

«በሐጂ መኪና።»

ከዚያ ወዲያ ፒካፑን እንደ ታመመ ልጅ ያስታምመው ገባ። አቧራ የጠገበውን የአየር ማጣሪያ አስነፋ። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈትቶ ጎንደር ልኮ አስፈተሸ። የተሳቢውን ጎማዎች ቢነካቸው እንደ በሰለ ፓፓያ ለስልሰዋል፤ ነፋስ አስሞላቸው። አንደኛው ጎማ ደግሞ ፍሬኑ እንደያዘው ሲፋጭ ኖሯል። ያቺ ምስኪን መኪና ስንት ዘመን ውሃውንም ፍሬኑንም አብራ ስትጎትት! እሱንም አላቀቀላት። በመጨረሻ የናፍጣ ፓምፑን ብሎን በካቻቢቴ ጠበቅ፣ ላላ እያደረገ፣ ዳገት ላይ የምትተፋው ጥቁር ጭስ እስኪጠፋ ድረስ አስተካከለው። እግሩንም ገራ። ከሖሩ ሲወጣ፣ ያንን ደረቅ ወንዝ ማለቴ ነው፣ ነዳጅ መደብደቡን ትቶ፣ ቀድሞ ማርሽ ቀንሶ እንደ ነፍሰ ጡር ቀስ ብሎ ይወጣል።

ያረጋል የሐጂን ሌላውን መኪና የሚነዳ ጎጃሜ ነው። «ጀይሉ፣ አህያ ነው እንዴ የምትነዳው?» እያለ ይስቅበታል።

«አህያም ብትሆን ሣር አትጨርስም» ይለዋል ጀይሉ።

አንድ አርብ ከሳምንቱ ሦስት ጀሪካን ናፍጣ አንዱን ሙሉውን አትርፎ፣ ተሸክሞ እቤቱ ገባ። ወፍጮው ሳል ሳል ብሎት ተነሳ። የሰፈሩ ሴቶች ማሽላቸውን ይዘው ተሰለፉ። ዘሀቢያ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ ስትስቅ፣ ጀይሉ ዳግመኛ ያገባት መሰለው።

«ለማንም እንዳታወራ» አለችው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ሰንብቶ ሐጂ ሳጂድ የራሳቸው መኪና ጎማ ተንፍሶባቸው ከጀይሉ ጎን ተሳፈሩ። ሖሩን ሲወጡ ዞረው በመስኮት ተመለከቱ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ይቺ መኪና ጭሷን የት ጣለችው?»

ሾፌር ተሰድቦ እንጂ ተመስግኖ አያውቅም። የጀይሉ ልብ እንደ ቂጣ ነፋ አለ። ማጣሪያውን ነገራቸው፤ ፍሬኑን፣ ብሎኑን ነገራቸው። አፉን ሊይዝ ሲል ደግሞ፣ «ሦስት ጀሪካን ትበላ የነበረችው አሁን በሳምንት ሁለት ይበቃታል!» አለ።

«ማሻአላህ! እጅህ ይባረክ» አሉት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰምተው የማይረሱ ሰው ነበሩ እንጂ።

በሳምንቱ ዕቃ ቤት ሲሄድ ሁለት ጀሪካን ተቀምጦ ጠበቀው። ለያረጋልም ሁለት። ለሁሉም ሁለት። ፍሬኑ የያዘውም፣ ኖዝሉ ያረጀውም፣ እኩል ሁለት።

ያረጋል ሙሉ ቦቴ አስጎትቶ ሖሩ መሃል ናፍጣ ጨረሰ። አጫጆቹ ያን ቀን በዚያ ፀሐይ ውሃ ሳይቀምሱ ዋሉ። ጀይሉ ሊጎትተው ሲደርስ ያረጋል ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ አልተነሳም።

«እጅህ ይባረክ ተባልህ አሉ።»

«ያረጋል፣ ወላሂ እኔ...»

«ገመዱን እሰርና ዝም በል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉድጓዱ ላይ ሾፌሮቹ ሰላምታውን አይመልሱለትም።

ጀይሉ ምን ያድርግ? ካቻቢቴውን አነሳና በገዛ እጁ ያስተካከለውን ብሎን በገዛ እጁ አበላሸው። መኪናዋ እንደ ከሰል ምድጃ ጥቁር ጭስ እየተፋች ሐጂ በር ላይ ቆመች።

«ሐጂ፣ እንደ ድሮዋ በላተኛ ሆነች፤ ሁለት አልበቃትም።»

ሐጂ ጭሱን በእጃቸው ከፊታቸው ገለል አደረጉ። «በሁለት እንደምትሠራ ያሳየኸኝ አንተ ነህ፣ ልጄ። ማሌሽ፣ አይክፋህ። እንደዚያው መልሳት።»

መለሳት። ሌላ ምን ያደርጋል? እቤቱ ሲደርስ አንዲት ሴት ማሽላዋን እንዳዘለች ከደጁ ቆማለች።

«ዛሬም የለም፣ ዘሀቢያ?»

ዘሀቢያ የባሏን ባዶ እጅ አየች። «የለም፣ እታለም» አለቻት። እሱን አልጠየቀችውም፤ አልወቀሰችውምም። ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ዘሀቢያ በወፍጮው አጠገብ አለፈች። ጆንያውን አላነሳችም።