ደህና ነኝ እንዳትል

...ደህና ነኝ እንዳትል ብላኛለች፣ ከቤት ስንወጣ አንዴ፣ ታክሲ ውስጥ አንዴ፣ በሩ ላይ ፈታሹ ኪሴን ሲዳብስ ደግሞ በዓይኗ፣ እሺ ሴትዮ፣ አልልም፣ ይህን ሁሉ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ አንዲት ቃል መዋጥ ያቅተዋል ብለሽ ትሰጊያለሽ፣ ብትሰጊም አይፈረድብሽም፣ ያቺው ቃል ናት ጉድ የሠራችኝ።

እሷ ታች አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ አርባ ሁለት ደረጃ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ጉዳት የደረሰበትን ወታደር የሚያይ ቦርድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ደግሞ ተበላሽቷል፣ ይህንን የወሰነው ሰው ወገቡ እንዴት ቢጠና ነው። ወንበር አለ፣ አልቀመጥም፣ ከተቀመጥኩ መነሳቱ ነው ጣጣው። የደረት ኪሴ ውስጥ ያለፈው ዓመት ደብዳቤ አለ፣ ሳላወጣው አነበዋለሁ፣ አመልካቹ ከሠራዊቱ ሲሰናበቱ ሙሉ ጤነኛ መሆናቸውን በራሳቸው ቃልና ፊርማ ያረጋገጡ ስለሆነ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። በራሳቸው ቃል። እውነት ነው፣ ምን ይዋሻል።

የተሰናበትኩ ዕለት፣ ካምፑ ግቢ አርባ ሰው ተሰልፈናል፣ መኪናው ሞተሩን አስነስቷል፣ ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል ደህና ነህ ይላል፣ ደህና ነኝ፣ ፈርም፣ ቀጣይ። አመመኝ ያለ ለምርመራ ተብሎ ካምፕ ይቀራል፣ ሳምንት ይሁን ወር የሚያውቅ የለም፣ የእኔዋ ደግሞ ወሯ ገብቷል፣ ምን ልበለው፣ የምሽጉ ግንድ ወገቤ ላይ ከወደቀ አራት ወር አልፎታል፣ ቆሜ እሄድ የለም እንዴ፣ የሚሄድ ሰው ደህና ነው፣ ፈረምኩ፣ ዘልዬ መኪናው ላይ ወጣሁ፣ ያቺ ዝላይ የመጨረሻዬ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሆነው።

አጠገቤ ያለው ባለ ምርኩዝ፣ ሾፌር ነበርኩ ይላል፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ወንድሜ ስትገባ አንከስ አንከስ በልባቸው፣ ቀጥ ብለህ ከገባህ ቀጥ አድርገው ነው የሚመልሱህ። እስቃለሁ፣ ስስቅ ወገቤን ቀጨም አድርጎ ይይዘኛል፣ ግድግዳውን ሙጭጭ እላለሁ፣ እንደሱ፣ ይላል ደስ ብሎት፣ ልክ እንደሱ አድርገህ ግባ።

ቁጥር አሥራ አንድ።

ቀጥ ብዬ እገባለሁ፣ አካሄድ ያስተማሩኝ እነሱ አይደሉ። ሦስት ናቸው፣ መሃል መነጽር ያደረገች ሐኪም፣ በቀኝ መኮንን፣ በግራ ጸሐፊ፣ ሐኪሟ ፈገግ ትላለች፣ ይግቡ፣ እንዴት ነዎት።

ደህና ነኝ፣ ይመስገን፣ እርስዎስ።

ወጣች። አፌ ይቆረጥ፣ ያቺው ቃል ወጣች። ጸሐፊው ብዕሩን ያነሳል፣ ሊጽፋት ነው፣ እሷን ታች ምን ብዬ ነው የማያት፣ አርባ ሁለቱን ደረጃ በምን እግሬ ነው የምወርደው፣ ሐኪሟ ግን እጇን ጸሐፊው ወረቀት ላይ ታሳርፋለች፣ ቆይ አንተ፣ ሰላምታ አይጻፍም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ጫማዎን ማነው የሚያስርልዎ።

እኔ ነኝ ልል አፌን እከፍታለሁ። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን እዘረጋለሁ፣ ቶሎ በይ ረፈደብኝ እላለሁ፣ ትንበረከካለች፣ ድርብ አድርጋ ታስራለች፣ የትምህርት ቤቱን በር የምከፍተው ጥበቃ እኔ፣ ማን ቀድሞኝ ነው የሚረፍድብኝ፣ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቀችኝም።

ባለቤቴ፣ እላለሁ።

ከመቼ ጀምሮ።

ከመጣሁ ጀምሮ። ድምፄ የኔ አይመስልም፣ ግን አይቆምም፣ ማጎንበስ አልችልም፣ ሳል ሲይዘኝ ግድግዳ ነው የምፈልገው፣ ልጄን ትንሽ እያለች ከመሬት አንስቼ አላውቅም፣ ከበድሽ እያልኩ እቀልድባት ነበር፣ ስድስት ወሯ እኮ ነበር፣ ምን ትከብዳለች፣ እናቷ አንስታ ትሰጠኝ ነበር፣ ቁጭ ባልኩበት። ማንም አያቋርጠኝም። ጸሐፊው ይጽፋል፣ ይጻፈው፣ ሁሉንም ይጻፈው።

ጫማዎን ያውልቁ ትላለች ሐኪሟ፣ ጸሐፊው ራሱ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ ያወልቅልኛል፣ አፍሬ ጣራውን አያለሁ፣ ወገቤን ትጫናለች፣ እዚህ ጋ፣ አዎ፣ እዚህስ፣ አዎ እመቤቴ። ባለፈው ሳምንት የተነሳሁትን ራጅ መስኮቱ ላይ አንስታ ለመኮንኑ ታሳየዋለች፣ ይኸው፣ የቆየ ስብራት፣ ተጣሞ የገጠመ። መኮንኑ ረጅም ጊዜ ያያል። ቀድመው ለምን አልተናገሩም፣ ይለኛል። ማን ጠየቀኝ ልለው ነበር፣ ጠይቀውኛል እኮ፣ ደህና ነህ ብለው ጠይቀውኛል። ይፈርማል። ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ ሳሉ የደረሰ መሆኑን ቦርዱ ተቀብሎታል፣ ሕክምናዎን ይጀምራሉ፣ የወር አበሉ ይከተላል። ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ዷ ይላል።

ኮሪደሩ። ባለ ምርኩዙ፣ አነከስክ ወይ። አላስፈለገም፣ እለዋለሁ፣ ጫማህን ማን እንደሚያስርልህ ብቻ አስታውስ። ግራ ገብቶት ጫማውን ያያል።

ደረጃው፣ አርባ ሁለት፣ አርባ አንድ፣ ማሰሪያዬ ተፈትቶ እየተጎተተ፣ ብረቱን ይዤ፣ ወገቤ ያው ወገቤ ነው፣ ማህተም አጥንት አያቃናም፣ ግን ደረቴ ላይ የተቀመጠ ሰው ብድግ ያለልኝ ይመስለኛል፣ አየር እንደ ልብ ይገባል፣ ቀለል ብሎኛል፣ ደስ ብሎኛል፣ ምን እደብቃለሁ።

ባለቤቴ ከአግዳሚው ትነሳለች። ፊቴን ታያለች፣ ቀጥላ እግሬን። ምን አልካቸው።

ደህና ነኝ አልኳቸው።

ኧረ አንተ ሰውዬ።

ከዚያ ጫማዬን የምታስሪው አንቺ እንደሆንሽ ነገርኳቸው፣ ተቀበሉኝ፣ ፈርመዋል። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ ታደርጋለች፣ አግዳሚው ላይ ታስቀምጠኛለች፣ ትንበረከካለች። ዛሬ ቶሎ በይ አትልም እንዴ፣ ትላለች ቀና ሳትል።

ያመኛል፣ እላታለሁ።

አውቃለሁ፣ ትላለች፣ አንዱን ድርብ አድርጋ አስራ ወደ ሌላው ትዞራለች፣ በቀስታ፣ ሰው እየወጣ እየገባ፣ ያየን ይየን፣ አልቸኩልም...