አርባ አንድ ቁጥር ወንበር

የሃምራቪክ ሰው ኳስ የሚያየው ቆሞ ነው። እኔ ግን ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ወዲህ የወጥ ቤቴን ሰማያዊ ወንበር ይዤ እወርዳለሁ፤ ከማዕዘን መምቻው አጠገብ አስቀምጬ እቀመጣለሁ፤ ኳስ ቢመጣብኝ እንኳ እግሬን አላነሳም። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቴርና በሜዳው ሲጫወት አንድም ቀን አልቀረሁም። ባሌ ሃንስ በተቀበረበት ሳምንት ጭምር ሄጃለሁ። ቄሱን ቅር ብሎት ነበር፤ በሁለተኛው አጋማሽ ግን እሱም መጣ።

ቴርና የክለባችን ስም ነው። ነጭ የባሕር ወፍ ናት፤ ጎጆዋ አጠገብ የደረሰን ሰው አናቱን ትወቅረዋለች። ስሙን ያወጡት ወንዶች የሚስቶቻቸውን ጠባይ አይተው ነው ይባላል፤ እኔ አላስተባብልም። በፋሮ ደሴቶች ካሉት መንደሮች የእኛን የሚያህል ትንሽ ጥቂት ነው። ሁለት መቶ አርባ ነፍስ ነን፤ በጎቹ በብዙ ይበልጡናል። እንግዲህ ይህች መንደር ባለፈው ጥቅምት ቡድኗን ወደ ትልቁ ሊግ አሳለፈች። ሦስት ቀን ተጨፈረ። በአራተኛው ቀን ከኳስ ማኅበሩ ደብዳቤ መጣ።

ደብዳቤውን ያነበበልን የእህቴ ልጅ ሃሉር ነው። የሚሠራው ሳልሞን እርባታ ነው፤ ክለቡንም ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ በሊቀመንበርነት ይመራል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ በትልቁ ሊግ በሜዳው ለመጫወት ፈቃድ የሚፈልግ ክለብ ሁለት መቶ የተመልካች ወንበር ይኑረው። እያንዳንዱ ወንበር መደገፊያ ይኑረው፣ ከወለሉ ጋር ይታሰር፣ ቁጥር ይጻፍበት፤ ቁጥሩም የሚነበብ ይሁን፣ አንዱ ቁጥር ሁለት ቦታ አይደገም። ይህ እስከ የካቲት መጨረሻ ቀን ካልተሟላ ቴርና «ሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ ሁሉ በመርከብ ስቶራቪክ ከተማ ሄዶ፣ በሰው ሜዳ፣ በኪራይ ይጫወታል።

ሃሉር የፕላስቲክ ወንበር ዋጋ ከዴንማርክ አስጠየቀ። የክለቡ ገንዘብ አራት እጥፍ ቢሆን እንኳ አይበቃም። ክለቡን ይደጉም የነበረው የአሳ ፋብሪካ ማሽኖቹን ሸጦ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ከዚያ ወዲህ የምንኖረው በሎተሪና በሴቶቹ ኬክ ነው። ባንኩ ፈቃዱን አምጡና እናበድራለን አለ። ማኅበሩ ወንበሩን አምጡና ፈቃድ እንሰጣለን አለ። ሃሉር በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ከሳ።

«ሊቀመንበር ተብሎ ወንበር ያጣ አንተን አየሁ» አልኩት።

እኔን ያቃጠለኝ ግን የስቶራቪክ ነገር ነው። የስቶራቪክ ክለብ ለተጫዋቾቹ ከበጋ ጀምሮ ደመወዝ አልከፈለም፤ የዳቦ ጋጋሪው እንኳ ገንዘብ አለበት። ፈቃዱ ግን በመጀመሪያው ቀን ነው የወጣለት፤ ቀያይ ወንበሮች አሉት፣ አንድ ሀብታምም «ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ወረቀት ላይ ፈርሞለታል። የማንም አምስት ክሮና የሌለብን እኛ መቀመጫ ስለሌለን ተከለከልን። ይህን ስናገር ሃሉር ደንብ ነው አክስቴ ይለኛል። ደንብ መሆኑን መች ጠፋኝ።

አሁን ደግሞ እስከዚያ ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር። እኔ መርከብ ላይ አልወጣም። ሰው ለምን ሲለኝ የማመላለሻው መርከብ ቡና እጣቢ እጣቢ ይላል እላለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። የአሳ አጥማጅ ሚስት ሆኜ ገመድ ገና ሲፈታ ሆዴ ይገለበጣል። ሙሽራ ሳለሁ ሃንስ በጀልባው እስከ ወደቡ አፍ ወሰደኝና ባርኔጣው ውስጥ አስታወክሁ። ለማንም አልናገርም ብሎ ማለልኝ፤ ማሕላውንም ጠብቆ ሞተ። ስቶራቪክ በመርከብ ሁለት ሰዓት ነው። ለእኔ ከጨረቃ እኩል ነው። ፈቃዱ ከቀረ የእኔ ሃምሳ አንድ ዓመት እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው።

በታኅሣሥ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ስብሰባ ተጠራ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። እኔ ሃሉርን ደንቡን ድገምልኝ አልኩት። ደገመው።

«ፕላስቲክ ይላል?» አልኩት።

«አይልም አክስቴ።»

«አዲስ ይላል?»

«አዲስም አይልም።»

«እንግዲያ እናንተ ቤታችሁ የምትበሉት መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ነው?»

ገባቸው። እዚህ አገር እያንዳንዱ ቤት ከገበታው ወንበር ሌላ ለለቅሶና ለሠርግ የሚወርድ ወንበር ጣሪያው ሥር አለው። ሲቆጠር ሁለት መቶ ሦስት ተገኘ፤ ሦስቱ እግራቸው የተሰበረ ነው። ልክ ሁለት መቶ ሆነ። አንዲት እንኳ ትርፍ የለችም።

ዛካሪስ እዚያው ነበር። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የወደቡን የጀልባ መዝገብ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እኔን መተናኮል ደግሞ ከልጅነቱ የያዘው ሥራ ነው። «የኤልስፓን ወንበር ብሎን አታባክኑበት» አለ። «እሷ ከተቀመጠችበት ማዕበልም አያነሳው።»

«የእሱን ግን አጥብቃችሁ እሰሩ» አልኩ። «የሚቀመጥበት ሰው ሚዛን የለውም።»

ጥርን ሙሉ ተሠራ። ከአሮጌው የአሳ ማድረቂያ ጣውላ ተነቅሎ በአምስት ተራ ተደረደረ፤ ወንበሮቹ በብሎን ተያዙ። የቄሱ ወንበር አንበሳ የተቀረጸበት ነው፤ የጭፈራ አዳራሹ አረንጓዴ ነው፤ የእኔ ሰማያዊ ነው። ወንበሮቹ እንደ ሠርገኛ ሁሉም የየራሳቸውን ለብሰዋል። በዚያ ወር በመንደሩ ሁሉ እራት የተበላው ቆሞ ነው፤ ያልቆመም የአሳ ሣጥን ላይ ተቀምጦ በላ።

ሥራው ሲያልቅ ሃሉር ለአንድ ወር ያህል ወደ ሳልሞኖቹ ሊሄድ ተነሳ። ሲሄድ ቀለሙንና ብሩሹን አስቀምጦ «በሉ፣ ሁላችሁም ወንበራችሁ ላይ ቁጥራችሁን ጻፉ» አለ። ይኸው ነው ያለው። ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አላለም።

ሃምራቪክ ውስጥ ቁጥር ሲባል አንድ ነገር ነው፤ የጀልባ ቁጥር። እኔ ራሴ ከፊደል በፊት ያነበብኩት ከጀልባ ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ነው፤ ትምህርት ቤት ሁለት ክረምት ነው የሄድኩት፣ እሱ በቅቶኛል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የአጎቱን ጀልባ ቁጥር ጻፈ። ጀልባ ያልነበረው ቤት ከዛካሪስ መዝገብ የሰመጠች ወይም የተሸጠች ጀልባ ቁጥር ተዋሰ። እኔ የሃንስን ጻፍኩ፤ 41። ጀልባዋ ሱላ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት አብልታኛለች።

ሃሉር የተመለሰው በየካቲት መጨረሻ ቀን ጠዋት ነው፤ የማኅበሩ ተቆጣጣሪ በዚያው መርከብ አብራው መጣች። በመጀመሪያው ተራ 388፣ 17፣ 605፣ 92 ተደርድረው ሲያይ ፊቱ እንደ ጨው አሳ ነጣ።

ተቆጣጣሪዋ ሪግሞር ትባላለች። ሜትሯን አውጥታ መደገፊያ ለካች፣ ብሎን ነቀነቀች፣ የቄሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተነሳች። ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ቁጥሮቹን አየች፤ ተራ የላቸውም አለች። ቁጥር የሚጻፈው ሰው ቢታመም ሐኪሙ የትኛው ወንበር ጋ እንደሚሮጥ እንዲያውቅ ነው ብላ አስረዳችን። ይህ የሞኝ ነገር አይደለም፤ እኔም ሞኝ ነው አላልኩም።

«እስቲ ጠይቂን ልጄ» አልኳት።

«ምን ልጠይቅ?»

«ቁጥር ጥሪ።»

ወረቀቷ ላይ አይታ 212 የት ነው አለች። ሠላሳ እጅ ባንድ ጊዜ ወደ ሦስተኛው ተራ ጫፍ ተዘረጋ። የማርዩን ወንበር ነው አሏት። አንዱ ጀልባዋ በበረዶ ተሰብራ ነው የጠፋችው አለ፤ ሌላው አልተሰበረችም፣ ተሸጣ ነው አለ፤ ሊያያዙ ሲሉ ሪግሞር ቶሎ 74 አለች። እንደገና ሠላሳ እጅ። አምስት ቁጥር ጠራች፤ አንድም አልተሳተም።

«ስቶራቪክ ሄጄ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የት ነው ብል የሚነግረኝ የለም» አለችና ሳቀች። ደንቡን ደግማ አነበበች፤ ይነበብ፣ አይደገም ይላል፤ በተራ ይሁን አይልም።

በዚህ መሐል የስቶራቪክን ዕዳ አነሳሁባት፤ ላልፈው አልቻልኩም። እሷም አልተቆጣችም። እኔ የምለካው ወንበር ነው፣ ዕዳውን የሚለኩት ሌሎች ናቸው፤ እኔን ቢጠይቁኝ ዳቦ ጋጋሪውን አስቀድም ነበር አለችኝ። ከዚህ በኋላ ወደድኳት።

ከዚያ በየተራው እየሄደች ቁጥሮቹን በወረቀቷ ላይ ጻፈች። መጨረሻ ላይ ቆመች።

«አርባ አንድ ሁለት ጊዜ አለ» አለች።

አንዱ የእኔ ነው። ሌላው በሌላኛው ጫፍ የዛካሪስ ነው። ሱላን መጀመሪያ ያስመዘገባት እሱ ነበር፤ አሳ በጠፋበት ዓመት ለሃንስ ሸጣት፤ ቁጥር ደግሞ ከጀልባው ጋር ይሄዳል። ሽማግሌው ሌላ ሦስት ጀልባ ነበረው፤ ከሁሉ መርጦ የእኔን ጻፈ። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ ይላል። ጥርሷ እስኪረግፍ ያሠራት ባሌ ነው እላለሁ። እንዲህ ስንባባል ሪግሞር ሰዓቷን አየች። መርከቡ በዘጠኝ ሰዓት ይነሳል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ካልለወጣችሁ አንድ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ብዬ መጻፍ ግዴታዬ ነው አለች።

ሰው ሁሉ እኔን ማየት ጀመረ። ብሩሹን አነሳሁ። 41ን ባጠፋው ሜዳው ይቀርልኛል፤ ባላጠፋው ቁጥሩ ይቀርልኛል፣ ሜዳው ይሄዳል። ሒሳቡ ሁለት ክረምት ለተማረም ቀላል ነው። ብሩሹን ግን ቀለሙ ውስጥ አልነከርኩትም። ያንን ቁጥር ሃንስ በየፀደዩ ጉንጩ ላይ ቀለም እየነካው ሲያድስ አይቻለሁ።

ዛካሪስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «እኔ እለውጣለሁ» አለ። «ግን አንድ ነገር አለኝ። ለምን መርከብ እንደማትወጪ እዚህ ሰው ፊት ተናገሪ።»

«ቡናው አይጠጣም።»

«ቡናውን ከለወጡት አራት ዓመቱ ነው።»

ይህን እንዴት ልወቅ፤ ወጥቼ አላውቅም። ሃሉርን አየሁት፤ ጸሎት የያዘ ይመስላል። ሰማያዊ ወንበሬን አየኋት።

«ባሕር ያስታውከኛል» አልኩ።

«ነፋሱ ነው መሰለኝ፣ አልሰማሁሽም።»

«ባሕር ያስታውከኛል። ገመድ ሲፈታ ሆዴ ይገለበጣል። እናንተ ስቶራቪክ ከተጫወታችሁ እኔ ዳግመኛ ኳስ አላይም። በቃ፣ ተናግሬያለሁ።»

ከዚያ መንደሩ ሁሉ ሳቀ፤ ቄሱ እንኳ አንበሳው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ለካስ ሁሉም ያውቃሉ። ሃንስ አልተናገረም፤ ግን በዚያን ቀን ወደቡ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያጥብ ያየው ሰው አለ፤ ይህም ሰው ዛካሪስ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስለ ቡናው ሳወራ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰምተውኛል። ተናድጄ ልሄድ ነበር፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ቀረሁ።

ዛካሪስ ብሩሹን ከእጄ ወሰደ። ወደ ወንበሩ ሄደ፣ አጎነበሰ፣ ከ41 ፊት አንዲት የቁም መስመር ጨመረ። 141 ሆነ።

«አንደኛው ባለቤት ማለት ነው» አለ።

ሪግሞር ወረቀቷን አገላብጣ ሌላ 141 ፈልጋ አጣች። 141 ከባሕሩ ማዶ ያለው መንደር ጀልባ ነው፤ እነሱ እዚህ ወንበር የላቸውም፣ እንዲኖራቸውም አንፈልግም። ሁለት መቶ ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ወደ መርከቡ ሮጠች። ሃሉር እንደ ፍግ ክምር ዘፍ ብሎ 605 ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩም አልተነቃነቀም።

የመጀመሪያው ጨዋታ በመጋቢት ከራሱ ከስቶራቪክ ጋር ደረሰን። የዚያን ቀን ባሕሩ ደህና አልነበረም። ልጆቹ ከመርከብ ሲወርዱ እንደ ጭፈራ አዳራሹ ወንበር አረንጓዴ ሆነዋል። በረኛቸው የመርከብ ማሰሪያው ብረት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዟል። ሄጄ ደረቅ ዳቦ ሰጠሁት፤ ውሃውን አትይ፣ ተራራውን እይ፣ ቀስ ብለህ አኝክ አልኩት። ሃሉር በኋላ ሰምቶ የተጋጣሚን በረኛ እንዴት ያክማሉ አክስቴ ብሎ ተቆጣኝ። ወገኔ ነው አልኩት።

ወገኔ ዳቦውን በላ፣ ተሻለው፣ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነብንና ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ዛካሪስ ከዚያኛው ጫፍ እስከ እኔ ድረስ ያለውን ተራ አቋርጦ መጥቶ ስቶራቪክ ለዳቦ ጋጋሪው እስኪከፍል የሚጋግርላቸው ኤልስፓ ናት እያለ ለሰው ተናገረ። እኔ ግን ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁ፤ በዚያ ነፋስ ወንበሬ አንድ ጊዜም አልተንቀሳቀሰችም።

አሁን እሑድ እሑድ ዛካሪስ የበግ ሾርባ ሊበላ ቤቴ ይመጣል። እህቴና የሃሉር ቤተሰብ ከዚያ ወዲህ በገዛኋቸው አምስት ወንበሮች ገበታውን ከበው ሲቀመጡ ለእሱ የሚተርፈው የአሳ ሣጥኑ ነው። ስድስተኛዋ ወንበርሽ የት ናት ብሎ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። ሥራ ላይ ናት እለዋለሁ።